ዘጠኙ ጃርቶችና አምስተኛው ወንበር

አንድ ጊዜ፣ ውኃ በቧንቧ ሳይሆን በተራ በሚጠጣበት ዘመን፣ ጅቦች፣ ዝንጀሮዎች፣ አህዮችና ጃርቶች በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንድ ኩሬ ከበው ይኖሩ ነበር። አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ይዋደዱ ነበር ማለት አይደለም። ኩሬው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው። ሌላ ኩሬ ቢኖር ኖሮ ግማሾቹ ገና ድሮ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደው ነበር።

ኩሬውን የሚያስተዳድሩት አምስት የውኃ አባቶች ናቸው። ስማቸው ትልቅ ይምሰል እንጂ ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠጣ መወሰን። ጠዋት የሚጠጣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ያገኛል። ቀትር ላይ የሚጠጣ የሞቀ ውኃ ያገኛል። ማታ የሚጠጣ የተበጠበጠ ውኃ ያገኛል፤ እሱም በሰላም ከደረሰ ነው።

የውኃ አባቶች በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በሰልፍ ይመረጣሉ። ዕጩው ከዋርካው ሥር ይቆማል፤ ደጋፊዎቹ ከኋላው ይሰለፋሉ፤ ብዙ ተሰላፊ ያገኘው ወንበሩን ይይዛል። ከዚያ መላው ሸለቆ ለሁለተኛው ወንበር እንደገና ይሰለፋል፤ ለሦስተኛውም እንደዚሁ፤ እስከ አምስተኛው ድረስ። ይህን ልማድ ያወጡት አያቶች ብልሆች ነበሩ ይባላል። ሲያወጡት ግን ጅቦች እንዲህ ይበዛሉ ብለው አላሰቡም።

ጅቦች አርባ ነበሩ። ዝንጀሮዎች ሃያ፣ አህዮች ዐሥራ ስድስት። ጃርቶች ዘጠኝ ነበሩ፤ እነሱን ግን ልቁጠር ያለ አልነበረም። ለመጀመሪያው ወንበር ሲሰለፉ ጅቦች ከጅብ ኋላ፣ ዝንጀሮዎች ከዝንጀሮ ኋላ፣ አህዮች ከአህያ ኋላ ይቆማሉ። አርባው ያሸንፋል። ለሁለተኛውም አርባው ያሸንፋል። እንዲህ እያለ አምስቱም ወንበር ላይ ጅብ ይቀመጣል። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ይኸው ነው።

የውኃ አባቶቹ አለቃ አያ ጅቦ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ ሐሳቡ አጭር ነው፤ የጎደለውን የምትሞላለት አማካሪው እመት ቀበሮ ናት። ቀበሮ በሸለቆው ውስጥ ሰፈር የላትም፤ በሰልፍም ቆማ አታውቅም። የምትኖረው በምክር ነው። አያ ጅቦ ከበላው የተረፈውን ለምክሯ ይሰጣታል፤ ከጅብ የሚተርፈው ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ምክሯን ሳትሰለች ትለግሳለች።

ተራውን ያወጡት በእሷ ምክር ነበር። ጅቦች ጠዋት፣ ዝንጀሮዎች ቀትር ላይ፣ አህዮች ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጅብ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ባለፈው በጋ ሦስት አህዮች ውኃ ሊጠጡ ወርደው አልተመለሱም። ሽማግሌዎቻቸው ሄደው ሲጠይቁ አያ ጅቦ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «መንገድ ስተው ይሆናል፤ በጨለማ መንገድ መሳት ያለ ነው» አላቸው። በጨለማ ውረዱ ያላቸው እሱ ራሱ መሆኑን አላነሳም። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ካልተመለሱት አንዷ የእመት ዳለቻ እህት ነበረች። እመት ዳለቻ ግራጫ ጀርባ ያላት፣ ብዙ የማትናገር አህያ ናት። በዚያ ክረምት አርግዛ ነበር፤ የምትወልደው በበጋው አጋማሽ ነው። ቀላል አህያ ዕድል ከቀናት ከጅብ ታመልጥ ይሆናል። እርጉዝ አህያ ግን አታመልጥም። እመት ዳለቻ ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ክረምቱ ወደ መውጫው ሲቃረብ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድሽ፣ ቀን ሣር አልዋጥልሽ አላት።

አንድ ጠዋት ተነሥታ የዝንጀሮዎቹ አለቃ ወደሆነው ወደ አያ ገመሮ ሄደች። ገመሮ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቅማሉን ይለቅም ነበር።

«አያ ገመሮ፣ እስከ መቼ ነው የሞቀ ውኃ የምትጠጡት?» አለችው።

«እስክንለምደው» አለ ቅማል መልቀሙን ሳያቋርጥ።

«እኔ ግን የእኛን ተራ ልለምደው አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። በሰልፍ ቀን ልማድ ይለወጥ ብሎ መጠየቅ ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል። ይለወጥ የሚሉ በአንድ ወገን፣ አይለወጥ የሚሉ በሌላ ወገን ይሰለፋሉ።»

«እንግዲያው መላው ሸለቆ ለአምስቱም ወንበር መሰለፉ ይቅር፤ ወንበሩ ለየሰፈሩ ይከፈል፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሰው ይምረጥ ብለን እንጠይቅ። ሁለት ለጅቦች፣ ሁለት ለእናንተ፣ አንድ ለእኛ።»

ገመሮ ሁለት ወንበር የሚለውን ሲሰማ ቅማሉን ተወው። ጣቶቹን ዘርግቶ ደመረ። ደመረና ፊቱ ጠቆረ።

«ሃያና ዐሥራ ስድስት ሠላሳ ስድስት ነው። ጅቦች አርባ ናቸው። እመት ዳለቻ፣ ይህ ሐሳብሽ በአራት ይሸነፋል።»

«ጃርቶች አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«ማን ቆጠራቸው?»

«እኔ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ።»

ገመሮ እንደገና ደመረ። አርባ አምስት ሆነ። አርባ አምስት ከአርባ እንደሚበልጥ ለማረጋገጥ ሌላ ዝንጀሮ ጠርቶ ጠየቀ፤ ይበልጣል አለው። በዚያው ቀን ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጃርቶች ወረዱ።

ጃርቶች የሚኖሩት ከኩሬው ማዶ ባለው የድንጋይ ክምር ውስጥ ነው። ቦታውን ሰፈር ብሎ የጠራው የለም። ታላቃቸው እማማ ወስፌ የምትባል አሮጊት ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ቤቶች» ብላ ተጣራች እመት ዳለቻ።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከድንጋዩ ሥር።

«ዳለቻ ነኝ። አያ ገመሮም አብሮኝ አለ።»

«አህያና ዝንጀሮ» አለች እማማ ወስፌ ቀስ ብላ እየወጣች። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

ገመሮ ነገሩን አስረዳ። ንግግር ይወዳል፤ ስለ ፍትሕ ተናገረ፣ ስለ ጅቦች ዕብሪት ተናገረ፣ ስለ መጪው ትውልድ ተናገረ። እማማ ወስፌ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣

«ወንበሩ ስንት ነው?» አለችው።

«አምስት።»

«ለማን ለማን ነው?»

«ሁለት ለጅብ፣ ሁለት ለእኛ፣ አንድ ለእነ እመት ዳለቻ።»

«አምስት ሞላ።»

«አዎ፣ ሞላ። የእናንተን ነገር ካሸነፍን በኋላ እናስብበታለን» አለ ገመሮ በለሆሳስ።

«ሞልቶ የምታስቡበት ምኑን ነው?»

እመት ዳለቻ ገባችበት። «እማማ፣ የእኛ ነገር የሞት ነገር ነው። ባለፈው በጋ እህቴን በልተውብኛል። በዚህ በጋ ደግሞ ሆዴን ይመልከቱት።»

«አየሁት፤ እግዜር በሰላም ይገላግልሽ» አለች እማማ ወስፌ፣ ከልቧ። «ግን እስቲ ልጠይቅሽ። እኛ በስንት ሰዓት ነው የምንጠጣው?»

እመት ዳለቻ አሰበች። የጅቦችን ተራ ታውቃለች፣ የዝንጀሮዎችን ታውቃለች፣ የራሷን መቼም አትረሳውም። የጃርቶችን ግን ፈልጋ አጣችው።

«ተራ የለንም» አለች እማማ ወስፌ። «ሁላችሁም ከጠጣችሁ በኋላ፣ ጭቃው ላይ ኮቴያችሁ የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን እንልሳለን። የአህያ ኮቴ ጠለቅ ስለሚል ደኅና ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ለአህዮች ክፉ አንመኝም። ግን ጅብ በእናንተ ላይ አምስት ወንበር ይዞ ያደረገውን፣ እናንተም ከጅብ ጋር አምስቱን ወንበር ተካፍላችሁ በእኛ ላይ እንድታደርጉ ብዬ ዘጠኝ ነፍስ አላሰልፍም።»

እመት ዳለቻ ፊቷን አዞረች። ያን ሁሉ ዓመት ኩሬው ዳር ስትረግጥ ከኋላዋ የሚልስ አለ ብላ አስባ አታውቅም፤ አፈረች። ገመሮ ግን መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ተመለሰ።

በማግስቱ ወሬው እመት ቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ቀበሮ አያ ጅቦን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ፣ «ተነሥ፣ ጃርት ዘንድ እንሄዳለን» አለችው።

«ጃርት ይበላል እንዴ?» አለ ዓይኑን እያሸ።

«አይበላም። ይሰለፋል።»

እመት ቀበሮ የድንጋዩ ክምር ፊት ደርሳ እጅ ነሣች። «እማማ ወስፌ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እኮ ዘወትር እናስብዎታለን። የውኃ አባቶቹ ትናንት ስለ እርስዎ ተነጋግረው፣ ከተራራው ሥር ያለውን የስኳር ድንች መሬት ለጃርቶች እንስጥ አሉ። ደግሞም ከአህዮች በፊት ተራ ይሰጣችኋል። ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። በሰልፉ ቀን እቤታችሁ ብትቀመጡ ይበቃል።»

«እኛ ደግሞ እናንተን በልተን አናውቅም» አለ አያ ጅቦ፣ ለነገሩ ክብደት ለመጨመር።

«ለምን?» አለች እማማ ወስፌ።

«ጉሮሮ ትወጋላችኋ።»

እመት ቀበሮ እግሩን ረገጠችው። እማማ ወስፌ «እንመክርበታለን» ብላ ሁለቱንም ሸኘች።

ምክሩ ቀላል አልነበረም። ዘጠኙ ጃርቶች በጠባቧ ዋሻ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጃርቶች ሲሰበሰቡ መቼም መጠጋጋት የለም። የእማማ ወስፌ ወንድም ጉጠት ድንቹ ከተነሣ ጀምሮ ምራቁን መዋጥ አላቆመም።

«ድንቹ ዛሬ አለ» አለ። «ተራውም ተሰጥቶናል። አህዮቹ ምን ሰጡን?»

«ምንም» አለች እማማ ወስፌ። «ለዚህ ነው ለእነሱም እሺ ያላልኩት።»

«እንግዲያው ድንቹን እንውሰድ።»

«ጉጠት፣ አያ ጅቦ ተራ ሲሰጠን ማን ጠይቆት ነው? ማንም። የፊታችን ዓመት ሲነሣንስ ማንን እንጠይቃለን? እዚያ የሚቀመጥ ሰው ከሌለን የሰጠንን መልሶ ሲወስድ እንኳ የምንሰማው ከመጨረሻዎቹ ሆነን ነው። ባለፈው ለሚዳቋዎች ተራ ሰጥቷቸው አልነበረም?»

«የት አሉ ሚዳቋዎች?» አለ ጉጠት።

«እኮ።»

ጉጠት ከዚያ በኋላ ስለ ድንቹ ጮክ ብሎ አልተናገረም። ግን አልረሳውም።

በሌላ በኩል እመት ዳለቻና አያ ገመሮ ገደል አፋፉ ላይ ተጣልተው ነበር። እመት ዳለቻ፣ «ከሁለቱ ወንበራችሁ አንዱን ለጃርቶች ልቀቁ» ብላዋለች።

«ለዘጠኝ ጃርት አንድ ወንበር? እኛ እኮ ሃያ ነን» አለ ገመሮ። «ሃያም ሆነን አንድ፣ ዘጠኝም ሆነው አንድ? ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?»

«አሁን ስንት ወንበር አላችሁ?»

«ምንም።»

«እነሱ ካልመጡስ ስንት ይኖራችኋል?»

ገመሮ ግን፣ «የአንቺን ወንበር ለምን አትሰጪያቸውም?» አላት።

«ምክንያቱም እኔ ያለ ወንበር የማገኘውን አውቃለሁ። አያ ገመሮ፣ አንተ ብትሸነፍ የሞቀ ውኃ ትጠጣለህ፤ ትኖራለህ። እኔ ብሸነፍ ኅዳርና ታኅሣሥን እንጂ ጥርን አላይም። ይህን ሆድ ይዤ በምሽት አንድ ቀን ብቻ ብወርድ አልመለስም። ስለ ወንበር የምትከራከረኝ ከሆነ እሱን አስብና ተከራከረኝ።»

ገመሮ ኩሩ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ሣር ነቀለ፣ ጣለ፤ ደግሞ ነቀለ፣ ጣለ። «ይሁን እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዝንጀሮዎች ግን ይረግሙኛል።»

እመት ዳለቻ በዚያው ፀሐይ እማማ ወስፌ ዘንድ ተመለሰች። «ሁለት ለጅብ፣ አንድ ለዝንጀሮ፣ አንድ ለእኛ፣ አንድ ለእናንተ» አለቻት።

«ይህን የት ነው የምትናገሪው?»

«የትም። በፈለጉት ቦታ።»

«በሰልፉ ቀን፣ ዳኛው አንበሳ ፊት፣ እኛ ከመሰለፋችን በፊት ተናገሪው። ከዚያ እንመጣለን።»

የሰልፉ ቀን ደረሰ። በዓመት አንዴ ለዚህ ጉዳይ ከተራራው የሚወርደው አንበሳ ዋርካው ሥር ተጋደመ። አንበሳ ለማንም አያዳላም፤ ስለ ማንም ግድ የለውምና። ውኃ የሚጠጣው ከተራራው ምንጭ ነው። ከሸለቆው የሚፈልገው ነገር ቢኖር ሥርዓቱ ሳይጓደል አልቆ ቶሎ ወደ ጥላው መመለስ ብቻ ነው።

እመት ዳለቻ ወጥታ የአምስቱን ወንበር ድልድል አንድ በአንድ ተናገረች። «አንድ ለጃርቶች» ስትል ከዝንጀሮዎች ወገን ጉርምርምታ ተሰማ፤ ገመሮ ዞር ብሎ ሲያያቸው ጸጥ አሉ። ያኔ ዘጠኙ ጃርቶች ከድንጋዩ ክምር ወጥተው፣ እማማ ወስፌን አስቀድመው መጡ። ጉጠትም መጣ።

እመት ቀበሮ ቆጠረች። አርባ አምስትና አርባ። ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ጠጋ ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አንሾካሾከች። አያ ጅቦ ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

«የአቆጣጠሩን መንገድ የሚወስኑት የውኃ አባቶች ናቸው» አለ። «አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ጊዜ ይፈጃል። ጌታችን አንበሳም ይሰለቻቸዋል። ስለዚህ ዘንድሮ በርዝመት እንዲሆን ወስነናል። ሁለቱ ሰልፎች ከዋርካው ይነሣሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጭራው ራቅ ያለው ሰልፍ ያሸንፋል።»

«ይህ ማታለል ነው» አለ ገመሮ። «ጅብ ረዥም ነው፤ ጃርት አጭር ነው።»

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ውሳኔው የእነሱ ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ይላል። አንዴ ከተወሰነ ግን እስኪያልቅ አይለወጥም። በርዝመት ነው ያላችሁት?»

«በርዝመት» አለ አያ ጅቦ።

«በርዝመት» አለች እመት ቀበሮ፣ የማያገባት ብትሆንም።

ተሰለፉ። አንበሳ እንዲያያቸው ብላ እመት ዳለቻ ጃርቶቹን ከፊት አቆመቻቸው፤ ከእነሱ ኋላ ዝንጀሮዎች፣ በመጨረሻ አህዮች። ከጎናቸው አርባ ጅቦች ቆሙ። የጅቦቹ ሰልፍ ጭራ ሜዳው መካከል ካለው ኩይሳ ደረሰ። የእነ እመት ዳለቻ ጭራ ከኩይሳው በብዙ ርምጃ አጠረ። እመት ዳለቻ የሰልፉ የመጨረሻዋ ነበረች፤ በእሷና በኩይሳው መካከል ያለውን ባዶ መሬት አየች። ያ ባዶ መሬት የእሷና የልጇ ዕድሜ ነው።

እመት ቀበሮ ነገሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ብትል ኖሮ ተረቱ እዚህ ያልቅ ነበር። ብልጥ ግን ብልጠቱ ካልታየለት አይረካም። በጃርቶቹ ፊት ወዲያና ወዲህ እያለች፣ «እማማ ወስፌ፣ አይዘኑ» አለች። «በነፍስ ስትቆጠሩ ዘጠኝ ናችሁ። በርዝመት ሲለካ ግን ዘጠኛችሁም ተጠራቅማችሁ ሁለት ጅብ ብትሞሉ ነው። ድንቹን ብትቀበሉ ይሻላችሁ ነበር።»

ጅቦቹ ሳቁ። የአርባ ጅብ ሳቅ እንግዲህ የታወቀ ነው።

ከጃርቶች መጀመሪያ የተቆጣው ጉጠት ነበር፤ ድንቹን ያነሣችበት ያመመው እሱን ነው። ጃርት ሲቆጣ አይጮኽም፣ አይሳደብም። እሾኹን ያቆማል። ጉጠት እሾኹን ሲያቆም ከኋላው የነበረችው ጃርት ሦስት ርምጃ ሸሸች፤ እሷም ተቆጥታ ስለነበር እሾኽዋን አቆመች፤ ከእሷ ኋላ ያለውም ሸሽቶ አቆመ። እማማ ወስፌ በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያን ቀን እሾኽዋን አቁማ አታውቅም። ዘጠኙም አቆሙ። ከመጨረሻው ጃርት ኋላ የነበረው ገመሮ አፍንጫውን ሊወጋ ሲል ወደ ኋላ ዘለለ። የሰልፉ ኋላ እየተገፋ፣ እየተገፋ፣ አህዮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላቸው ሄዱ። እመት ዳለቻ መጀመሪያ ኩይሳውን ነካች። ከዚያ አለፈችው።

«ክፍተቱ አይቆጠርም» አለች እመት ቀበሮ ወደ አንበሳ ዞራ።

«በርዝመት አላችሁኝ» አለ አንበሳ። «ስለ ክፍተት የነገረኝ የለም።»

«እንግዲያው እናንተም ተራራቁ» ብላ ወደ ጅቦቹ ሮጠች። «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ በሉ።»

ከጅቦቹ ግን ወደ ኋላ የሚል አልተገኘም። አያ ጅቦ ጠዋት ወገኖቹን ሲያሰልፍ፣ ሰልፉ እንዳለቀ ሥጋ እንደሚከፋፈል፣ ክፍፍሉም ከፊት እንደሚጀምር ነግሯቸው ነበር። «ኋላ የቀረ አጥንት ነው የሚደርሰው» አለ ከመጨረሻ የቆመው ጅብ፤ ይህን ብሎም አንድ ርምጃ ወደ ፊት ገፋ። የፊቱ እንዳይቀደም እሱም ገፋ። እመት ቀበሮ በለመነች ቁጥር፣ «ሥጋው ደርሶ ነው እንዴ የምታርቂን?» እያሉ ይብስ ተጠጋጉ። ሦስት አራት ሆነው ጎን ለጎን ተጨናነቁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የአርባ ጅብ ሰልፍ የኩይሳውን ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም።

አንበሳ ተነሣ፤ ግራና ቀኙን ተመለከተ። «የአህያዋ ወገን» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ ተራራው ወጣ።

በአዲሱ ልማድ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን መረጠ። ከጅቦች አያ ጅቦና አንድ ዘመዱ፣ ከዝንጀሮዎች ገመሮ፣ ከአህዮች እመት ዳለቻ፣ ከጃርቶች እማማ ወስፌ። የድንጋዩ ክምርም ከዚያ ቀን ጀምሮ የጃርት ሰፈር ተባለ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሰላማዊ ነበር ለማለት አይቻልም። ገመሮ ጠዋትን ለዝንጀሮዎች ፈለገ፤ እመት ዳለቻ ለአህዮች ፈለገች። አያ ጅቦና ዘመዱ ምንም አይለወጥ አሉ። ሁለት ለሁለት የሚሆን እንኳ ጠፋ። ያኔ እማማ ወስፌ፣ «ማንም ጠዋት ቢጠጣ አይሞትም፤ ማታ ጠጥቶ የሚሞት ግን አለ» አለችና ከእመት ዳለቻ ጋር ሆነች። ገመሮ አኮረፈ። ቢሆንም ወንበሩን የሰጠው ለምን እንደነበር ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ እጁን አወጣ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አህዮች፣ ረፈድ ሲል ዝንጀሮዎች፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጃርቶች፣ ማታ ጅቦች ብቻ እንዲጠጡ ሦስት ለሁለት ተወሰነ።

«አህዮች ጠዋት ከጠጡ እኛ ማታ ምን እንበላለን?» አለ አያ ጅቦ።

በስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። እግሩን የሚረግጥለትም አልነበረም፤ እመት ቀበሮ የዚያን ዕለት ጠዋት እማማ ወስፌን እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ጃርት ሰፈር ሄዳ እዚያው ትጠብቃት ነበር። መዝገብ ቢኖራቸው ኖሮ ጥያቄው ያለ መልስ ብቻውን ይጻፍ ነበር።

በጥር ወር አንድ ጠዋት እመት ዳለቻ የዐሥር ቀን ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ኩሬው ወረደች። አህያ በዚያ ሸለቆ ውኃ ሲጠጣ አንዴ ጎንጨት ያደርጋል፣ ቀና ይላል፣ ጆሮውን ያቆማል፤ አንዴ ጎንጨት፣ አንዴ ቀና። እናቷም እንደዚያ ነበር የምትጠጣው፤ እህቷም እንደዚያ። እመት ዳለቻ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መጠጣት ጀመረች። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ጠጥታ እስክትረካ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለውጥ የሚሻ ወገን ጥቂቶችን ከኋላዬ ተሰለፉልኝ ከማለቱ በፊት ከጎኑ የሚቀመጡበትን ቦታ በግልጥ ሊያዘጋጅላቸው እንደሚገባ ነው።